የኮራል ግድግዳና የጠላቂው ዓይን

አንድ ደራሲ አንባቢው ሊደርስበት ስለማይችል ስፍራ በሚጽፍበት ጊዜ ከባድ ዐደራ ይቀበላል። ስለ ከተማ ወይም ስለ ገበያ የሚጽፍ ሰው ቢያጋንን፥ አንባቢው ራሱ ሄዶ አይቶ ሊፈርድበት ይችላል። ስለ ባሕር ውስጥ የሚጽፍ ሰው ግን ለብዙዎች ብቸኛ ምስክር ስለ ሆነ የሚናገረው ሁሉ እንደ እውነት ይቆጠርለታል። ስለዚህ የእንደዚህ ያለውን ድርሰት ዋጋ በምንመዝንበት ጊዜ ከቋንቋው ውበት ጋር የምስክርነቱን ታማኝነት መመርመር ይገባናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምራቸው ስለ ኮራል ዓለምና ስለ ጠላቂዎች የተነገሩ አራት ሥራዎች ናቸው። ሁለቱ መጻሕፍት፥ አንዱ ሲኒማ፥ አንዱም የሳይንስ ጽሑፍ ነው። ሦስቱ ስለ ካሪቢያን ባሕር ይናገራሉ፤ ሲኒማው ግን በሌላ ባሕር የተነሣ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ያቆምንበትንም ምክንያት በስፍራው እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ጠላቂው በእጁ ይዞት የወረደው መሣሪያ ዓይኑ የሚያየውን ነገር ይወስናል፤ ዓይኑ ያየውም ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ ለሌላው ሰው ይጠቅም ወይም አይጠቅም እንደ ሆነ የድርሰቱን ዋጋ ይገልጻል።

በመጀመሪያ ስለ ስፍራው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በካሪቢያን ባሕር፥ ከጃማይካ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ የካይማን ደሴቶች የሚባሉ ሦስት ደሴቶች አሉ። ከእነርሱ መካከል ሊትል ካይማን በሚባለው ደሴት በስተ ሰሜን በኩል ብለዲ ቤይ የተባለው የኮራል ግድግዳ ይገኛል። የግድግዳው አፋፍ ከውሃው ገጽ በታች 6 ሜትር ያህል ላይ ይጀምራል፤ ከዚያም ቁልቁል ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል። በደጋ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ያየ ሰው የዚህን ግድግዳ መልክ መገመት አያቅተውም፤ ልዩነቱ ጠላቂው ከአፋፉ አልፎ በገደሉ ፊት እንደ አሞራ ሊያንዣብብ መቻሉ ነው።

ኮራል ድንጋይ መስሎ ይታይ እንጂ በብዛት የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ማኅበር ነው። በእነዚህ እንስሳት ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ያድራሉ፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩም ለባለቤቶቻቸው ያካፍላሉ፤ እንስሳቱም ከበታቻቸው የኖራ ድንጋይ እያነባበሩ ቤታቸውን ያሳድጋሉ። እንግዲህ በአገራችን የምድር ከፍታ ደጋውን፥ ወይና ደጋውንና ቆላውን እንደሚለይ፥ በኮራሉም ገደል የብርሃን መጠን ፍጥረታቱን በየደረጃቸው ይለያቸዋል። ብርሃን በሚበዛበት በላይኛው ክፍል የአጋዘን ቀንድ የመሰሉ ቅርንጫፋም ኮራሎች ይበቅላሉ፤ ዝቅ ሲል እንደ ጉልላት ያበጡት ይከተላሉ፤ ከዚያም በታች ጥቂቱን ብርሃን ለመቀበል እንደ ምጣድ የተዘረጉት ይገኛሉ። በግድግዳው ፊት ላይ ደግሞ በርሜል የሚያህሉ ሰፍነጎች ተጣብቀዋል፤ ከእነርሱም መካከል የብዙ መቶ ዓመት ዕድሜ አላቸው ተብለው የሚገመቱ አሉ። በአንዳንድ ጥግ ላይ ትልቁ ግሩፐር አፉን ከፍቶ ይቆማል፤ ጣት የማታህል ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ገብታ ጥርሱንና ስንጥቡን ታጸዳለታለች፤ እርሱም አይውጣትም።

ነገር ግን ሰው በዚህ ስፍራ እንግዳ ነው። የታመቀ አየር ተሸክሞ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው እንዳያልፈው የሚመከረው ወሰን 40 ሜትር ነው። ከ30 ሜትር ገደማ ጀምሮ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አእምሮውን እንደ መጠጥ ሊያደነዝዘው ይችላል፤ ቸኩሎ ወደ ላይ ቢወጣም ያው ናይትሮጅን በደሙ ውስጥ አረፋ ሆኖ ያሠቃየዋል። ቀይ ብርሃንም በውሃው እየተዋጠ ስለሚጠፋ በጥልቁ ውስጥ እጁ የተቆረጠ ጠላቂ ደሙ አረንጓዴ መስሎ ይታየዋል። እንግዲህ ከግድግዳው ቁመት ሰው በገዛ ዓይኑ የሚያየው አንድ ሰባተኛ እንኳ አይሞላም፤ ያንኑም የሚያየው በተለወጠ ቀለም ነው። ይህን ወሰኑን የማያውቅ ደራሲ ስለ ባሕር ሊጽፍ አይገባውም እንላለን።

የመጀመሪያው ሥራ አሜሪካዊው የእንስሳት ሊቅ ዊልያም ቢብ በ1928 ያሳተመው «ከሐሩር ባሕሮች በታች» የሚለው መጽሐፍ ነው። ቢብ በ1927 ከጓዶቹ ጋር ወደ ሄይቲ ሄዶ በፖርቶ ፕሪንስ የባሕር ሰላጤ በኮራሎች መካከል ይወርድ ነበር። መሣሪያው በትከሻው ላይ የሚያርፍ የብረት ቆብ ሲሆን፥ አየሩም በጀልባ ላይ ካለ የእጅ ፓምፕ በቱቦ ይላክለት ነበር። እንደዚህ ያለው ሰው ከቱቦው ርዝመት አልፎ መሄድ አይችልም፤ በአንድ ስፍራ ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚመጣውን መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። የመጽሐፉም ብርታት የመጣው ከዚሁ እስራት ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ቢብ በዚንክ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ እየጻፈ ዓሣው በየትኛው ጥግ እንደሚኖር፥ ማንን እንደሚሸሽ፥ ከማን ጋር እንደሚውል ያስተውላል። በዚያው ዓመት ከጓደኛው ከጆን ቲ ቫን ጋር የዚያን ሰላጤ ዓሦች በስም የዘረዘረ የሳይንስ ጽሑፍ አውጥቷል።

ጉድለቱንም መሸሸግ አይገባም። ቢብ ምሳሌ ሲያበዛ ልክ አያውቅም፤ የባሕሩን አትክልት የመሰሉ ፍጥረታት በምድር ካሉት ውብ ነገሮች ሁሉ ጋር ሲያነጻጽር አንባቢው ምሳሌውን ያስታውስና ዓሣውን ይረሳል። ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ ቢባልም፥ ብርሌው ሲበዛ ጠጁ ያንሳል። ደግሞም ለጥናት የሚሆን ዓሣ እየያዘ ይሰበስብ ስለ ነበረ፥ እጁ ከመግደል የነጻ አልነበረም። ነገር ግን ምሳሌውን ሁሉ ብንቀንስበት ከመጽሐፉ በስተኋላ ስፍራና ዓመት ያለው ምስክርነት ይቀራል።

ሁለተኛው ሥራ የኦስትሪያዊው የሐንስ ሐስ መጽሐፍ ነው። ሐስ በ1919 በቪየና የተወለደ ሲሆን፥ በ1939፥ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ኩራሳውና ወደ ቦናየር ደሴቶች ሄደ። በዚያ ሳሉ የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ መንገዱ ተዘጋባቸውና እዚያው ከረሙ። አየር የሚሰጥ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ የመጥለቂያ መነጽር አጥልቀው፥ የላስቲክ መቅዘፊያ በእግራቸው አድርገው፥ ትንፋሻቸውን ይዘው ይወርዱ ነበር። በእጃቸውም ጦር ይይዙ ነበር፤ ሐስ ራሱ ውሃ በማያስገባ ሣጥን ያበጀው ካሜራ ደግሞ ነበረው። በ1941 የታተመው መጽሐፉ «በኮራሎችና በሻርኮች መካከል» የሚል ርእስ አለው፤ በ1939 የወጣው ሌላው መጽሐፉም ከርእሱ ጀምሮ በጦርና በካሜራ ስለሚደረግ የውሃ ውስጥ አደን የሚናገር ነው።

ሐስ ከቢብ ይልቅ ፈጣን ጸሐፊ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ይሮጣል፤ አንባቢውም አብሮ ይሮጣል። ነገር ግን ትንፋሹን ይዞ የሚወርድ ሰው ከታች የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ጦር የያዘ እንደ ሆነ ደግሞ በዚያች ጊዜ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ስለዚህ በመጽሐፉ ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ሲያመልጥ፥ ሲያስፈራራ ወይም ሲወጋ ነው። ከዓሣው በስተጀርባ ያለው ግድግዳ ለወጣቶቹ ጀግንነት እንደ ተሰቀለ መጋረጃ ሆኖ ቀርቷል። ሻርክ ወደ እርሱ በመጣበት ጊዜ ሐስ በውሃው ውስጥ በመጮኹ ሻርኩ መመለሱን የሚተርክበት ክፍል ልብ የሚሰቅል ነው፤ ስለ ሻርኩ ከምናውቀው ይልቅ ግን ስለ ሐስ የምናውቀው ይበዛል።

ይሁን እንጂ ለሐስ ፍርዳችን ሙሉ የሚሆነው ከዚያ በኋላ የሆነውን ስንጨምር ነው። ሐስ የሕግ ትምህርቱን ትቶ የእንስሳትን ጥናት ተማረ፤ በዚሁም የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ፤ ውሎ አድሮም ጦሩን አስቀምጦ በካሜራው ቀጠለ፤ ባሕሩ እንዲጠበቅም የሚሟገት ሰው ሆነ። ከሁለቱ መሣሪያዎቹ አንዱ ሌላውን አሸነፈው ማለት ነው።

ሦስተኛው ሥራ «የዝምታ ዓለም» የተባለው ሲኒማ ነው። ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኰንን ዣክ ኢቭ ኩስቶ በ1943 ከመሐንዲሱ ከኤሚል ጋኛን ጋር ሆኖ፥ የታመቀን አየር ጠላቂው በሚፈልገው መጠን እየመጠነ የሚሰጥ መሣሪያ አበጀ። በዚህም መሣሪያ ሰው ከቱቦና ከጀልባ ተፈትቶ በውሃ ውስጥ እንደ ልቡ ለመንቀሳቀስ በቃ። ኩስቶ ከፍሬዴሪክ ዱማ ጋር የጻፈው መጽሐፍ በ1953 ወጣ፤ ከሉዊ ማል ጋር ያዘጋጀው ሲኒማ ደግሞ በ1956 በካን ከተማ ከፍተኛውን ሽልማት ተቀበለ፤ በተከታዩም ዓመት በአሜሪካ የኦስካር ሽልማት ተሰጠው። ሲኒማው የተነሣው በሜዲትራኒያን፥ በቀይ ባሕር፥ በፋርስ ሰላጤና በሕንድ ውቅያኖስ ነው። ወደ ካሪቢያን ጉዳያችን ያስገባነው፥ ከእርሱ በኋላ ወደ ካሪቢያን ግድግዳ የወረዱት ብዙዎች የወረዱት በእርሱ መሣሪያ ስለ ሆነ፥ ያዩትም ሲኒማው ባስተማራቸው ዓይን ስለ ሆነ ነው።

የሲኒማው ውበት የሚካድ አይደለም። ችቦ የያዙ ጠላቂዎች ተከታትለው ወደ ጨለማው ሲወርዱ ያየ ሰው ያን መልክ አይረሳውም። ነገር ግን በዚሁ ሲኒማ ውስጥ ሠራተኞቹ ዓሣ ለመቁጠር ብለው በኮራል መካከል ድማሚት ያፈነዳሉ፤ የሞቱትንም ዓሦች ይሰበስባሉ። በሌላ ክፍል መርከባቸው አንዱን የዓሣ ነባሪ ግልገል መትታ ታቆስለዋለች፤ ደሙን ተከትለው የመጡትን ሻርኮች ሠራተኞቹ እየጎተቱ በመርከቡ ላይ ይገድሏቸዋል። ግልገሉን የጎዳው የመርከቡ መዘውር ሆኖ ሳለ በቀሉ በሻርኮቹ ላይ መፈጸሙን ሲኒማው ሲያሳይ ከነውር አይቆጥረውም። ኡሊስ የሚባለው ወዳጅ ግሩፐር እንኳ ሥራ አስቸገረ ተብሎ ለጊዜው በብረት ቀፎ ውስጥ ይዘጋበታል። እዚህ ላይ በእጅ ጦር ባይያዝም የአዳኙ ልብ እንዳለ መሆኑን እናያለን።

ርእሱም ሊመረመር ይገባዋል። ባሕር ዝምተኛ አይደለም፤ በኮራል መካከል ጥቃቅን ሽሪምፖች ጥፍራቸውን እያጋጩ እንደሚንጣጣ እሳት ያለ ድምፅ ያሰማሉ፤ በቀቀን ዓሣም ድንጋዩን በጥርሱ ሲቆረጥም ይሰማል። ነገር ግን አየር ተሸክሞ የወረደው ሰው የገዛ ትንፋሹ ሲንቦቀቦቅ ሌላውን ድምፅ ይሸፍንበታል። ቀለሙም እንደዚሁ ነው፤ በጥልቁ የሚታየውን ደማቅ ቀይ ያወጣው ከላይ የመጣው የኤሌክትሪክ መብራት እንጂ የስፍራው ብርሃን አይደለም። መብራቱን አንነቅፍም፤ የተሰወረውን ቀለም ገልጧልና። ተመልካቹ ግን ባሕሩ ሁልጊዜ ለራሱ እንደዚያ የሚታይ ከመሰለው ተሳስቷል፤ ይህንም ማስረዳት የሲኒማ ሠሪው ተግባር ነበር።

በዚህ ላይ ተቃዋሚ ሊነሣብን ይችላል። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ እነዚህ ጀብደኞች ባሕሩን ባያሳዩ ኖሮ ማን ይቆረቆርለት ነበር?» ሊል ይችላል። ነገሩ እውነትነት አለው። በቦናየር በጦር ዓሣ መውጋት በ1971 ተከለከለ፤ በ1979 የባሕሩ ዙሪያ ጥብቅ ስፍራ ሆነ፤ የካይማን ደሴቶችም በ1986 የባሕር ጥብቅ ስፍራዎቻቸውን አቋቋሙ። ይህ ሁሉ የሆነው ባሕሩን ወደው የሚጠልቁ ሰዎች ከበዙ በኋላ ነው። ኩስቶም ራሱ በ1973 ለባሕር ጥበቃ የሚሠራ ማኅበር መሥርቷል። እንግዲህ የጀብዱ ድርሰት ፍቅርን መዝራቱን አንክድም። ፍቅር ግን ያለ ዕውቀት የወደደውን ነገር መታመም ቶሎ አያውቅም፤ የካሪቢያንም ታሪክ ይህን ያስተምረናል።

አራተኛው ሥራ እዚህ ላይ ይገባል። ቶማስ ጎሮ የተባለ የሳይንስ ሰው በጃማይካ ሰሜናዊ ጠረፍ በአየር መሣሪያ እየጠለቀ የኮራሉን ገደል ከላይ እስከ ታች መረመረ፤ በ1959ም «ኤኮሎጂ» በሚባለው መጽሔት ጽሑፉን አወጣ። በዚህ ጽሑፍ ሻርክ አያሳድድም፤ ጀግናም የለም። በየትኛው ጥልቀት የትኛው ኮራል እንደሚበዛ፥ የአንዱ ክልል የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምር ተራ በተራ ይናገራል። እንደ ድርሰት ካነበብነው ደረቅ ነው፤ ከተማሪዎች መካከል እስከ መጨረሻው የሚዘልቁት ጥቂቶች ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለዚህ ደረቅ ጽሑፍ ሌላ ዋጋ ሰጠው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአጋዘን ቀንድ የመሰሉት ኮራሎች በነጭ ቀለበት በሽታ ማለቅ ጀመሩ። በ1980 አለን የተባለው ዐውሎ ነፋስ የጃማይካን ጠረፍ መታ። በ1983 ከፓናማ አጠገብ የተነሣ በሽታ በአንድ ዓመት ያህል ጊዜ በካሪቢያን የሚኖሩትን ባለ ረጅም እሾህ የባሕር ጃርቶች ከመቶ ዘጠናውን በሚበልጥ ቁጥር ፈጃቸው። ጃርቶቹ አልጌውን እየጋጡ ለኮራሉ ስፍራ ያስለቅቁለት ነበር፤ አልጌ የሚበሉት ዓሦች ደግሞ አስቀድመው በአጥማጆች ተመናምነው ነበር። ስለዚህ አልጌው እንደ ዐረም ኮራሉን ሸፈነው። ቴሬንስ ሂዩዝ በ1994 ባሳተመው ጥናት በጃማይካ በ1970ዎቹ መጨረሻ የባሕሩን ድንጋይ ከመቶ ሃምሳውን የሚበልጥ ሸፍኖ የነበረው ሕያው ኮራል ከመቶ አምስት በታች መውረዱን አስረዳ። ከዚያም ወዲህ በ2005ና በ2023 የባሕሩ ውሃ ከልክ በላይ በመሞቁ በካሪቢያን ብዙ ኮራል አልጌውን አጥቶ ነጣ፤ በ2014 በፍሎሪዳ የታየው ሥጋቸውን የሚያረግፍ በሽታም ከደሴት ወደ ደሴት ተዛመተ።

እንግዲህ የጠፋ ነገር ዳኛ ፊት በሚቀርብበት ጊዜ ምስክሩ ማን ነው? በመሥሪያ ቤት ሥራ እንደሚታወቀው፥ ቀንና ስፍራ ያልተጻፈበት ወረቀት ቃሉ ያማረ ቢሆንም ክርክር አይፈታም። ግድግዳው ድሮ ምን ይመስል እንደ ነበረ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ወደ ጎሮ ጽሑፍ ይሄዳል፤ ቀጥሎም ወደ ቢብ ዝርዝር ይሄዳል። ከሐስ መጽሐፍ ከጀግናው በስተኋላ በፎቶግራፉ ዳር የቀረውን ኮራል ይመለከታል። ከሲኒማውም የሚጠቅመው ሠሪዎቹ ዋና ነገር አድርገው ያላሰቡት ክፍል ነው። የአራቱን ሥራዎች ደረጃ ያወጣንላቸው በዚህ ሚዛን ነው፤ በቋንቋ ውበት ብቻ ብንመዝን ኖሮ ተራቸው ሌላ በሆነ ነበር።

ይሁን እንጂ ጎሮን አንደኛ ብለን ነገሩን ብንዘጋ ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል። እርሱ የጻፈው ለሙያ ባልደረቦቹ ነው፤ ሕዝብ ያላነበበው ምስክርነት ደግሞ ኮራሉን ሊያድነው አልቻለም። ዐዋቂው ያየውን አልተረከም፤ ተራኪው ያየውን አልመዘገበም፤ ትልቁ ጉድለት በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። የሚፈለገው ደራሲ የጎሮን ትዕግሥትና የሐስን ብዕር ያጣመረ ሰው ነው።

ለእንደዚህ ያለው ደራሲ ርእሰ ጉዳይ አይጠፋም። በዚያው በሊትል ካይማን ምዕራባዊ ጫፍ፥ በክረምታቸው ወራት ጨረቃ ስትሞላ፥ ናሳው ግሩፐር የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል። በ2001 አጥማጆች ይህን ስፍራ ባገኙት ጊዜ 7,000 ያህል ዓሣ ነበረበት። በሁለት ክረምት ብቻ 4,000 ያህሉ ተጠመደ። በ2003 መንግሥት በዚያ ስፍራ በመራቢያ ወራት ማጥመድን ከለከለ፤ ተመራማሪዎችና ጠላቂዎችም በየዓመቱ በጨረቃው ወራት እየወረዱ መቁጠር ጀመሩ። በ2020 የታተመው ጥናት የዓሣው ቁጥር እንደገና በብዙ እጥፍ ማደጉን አመለከተ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስስት አለ፥ ጸጸት አለ፥ ሕግ አለ፥ ትዕግሥትም አለ። ሻርክ ገዳይ ባይኖርበትም፥ ሃያ ዓመት ያህል ዓሣ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰዎች አሉበት። ይህን ታሪክ በጀብዱ ትረካ ኃይል የሚተርክ ደራሲ ቢነሣ የአራቱን ሥራዎች ጉድለት በአንድ ጊዜ የሚሞላ ይመስለናል።

እነዚህን መጻሕፍት ለሚያስተምሩና ወደ ቋንቋችን ለመመለስ ለሚያስቡ ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። በቋንቋችን ዛጎል የሚለው ቃል ለጌጥ የሚሆነውን የሞተ ቅርፊት ያሳስበናል፤ ሕያው ኮራልን ዛጎል ብለን ብንተረጕም አንባቢያችን ገና ከመነሻው የሞተ ነገር ያያል። ስለዚህ ኮራል የሚለውን ቃል እንዳለ ወስዶ እንስሳ መሆኑን በግልጥ ማስረዳት ይሻላል። ተማሪም ስለ ሩቅ ስፍራ የተጻፈ ማናቸውንም ድርሰት በሚያነብበት ጊዜ ሦስት ጥያቄ እንዲያቀርብ መምህሩ ያስለምደው፤ ጸሐፊው የቆመው የት ነበር? መቼ ነበር? በእጁስ ምን ይዞ ነበር? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ድርሰት፥ የጻፈለት ስፍራ ቢጠፋ እንኳ፥ ስለ ስፍራው የሚመሰክር ሆኖ ይኖራል።